ሽንቴን በጀሪካን ያጠራቀምኩበት ቀን

ነገሩን ልናገርና ይውጣልኝ። ጅማ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ለ24 ሰዓት ሽንቴን በጀሪካን አጠራቅሜያለሁ። አላመመኝም፣ ሐኪምም አላዘዘኝም። የፊዚክስ ማስተርስ እየተማርኩ ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ ነው ጉድ የሠራኝ።

ርዕሱ የኑክሌር ቦምብ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰውነት ውስጥ የገባ ፕሉቶኒየም (ቦምቡ የሚሠራበት ጨረር አመንጪ ብረት) እንዴት ይለካል የሚል ነበር። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ራጅ ክፍል የሚሠሩ ልጆች ደረታቸው ላይ የሚሰኩት የጨረር መለኪያ ባጅ አለ አይደል? እሱን ይሰኩላቸዋል፣ አለቀ። ሁለት ሳምንት ስላይድ ስሠራ ከርሜ ነው የነቃሁት። ፕሉቶኒየም 239 በዋናነት የሚተፋው አልፋ የሚባለውን የጨረር ዓይነት ነው። አልፋ አየር ላይ ከአራት ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም፣ ወረቀት ያቆመዋል። ውጭ እስካለ ድረስ ብዙም አያሰጋም። ጣጣው ብናኙ ሲተነፈስ ወይም በቁስል ሲገባ ነው፤ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጉበትና አጥንት ሄዶ እዚያ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ወደ ሌላ ነገር እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ) 24,100 ዓመት ገደማ ስለሆነ ሰውየው ይሞታል እንጂ እሱ አያልቅም። ደረት ላይ የተሰካ ባጅ ይህን አያይም። ስላይዶቹን ደመሰስኳቸው።

ታዲያ በምን ይለካል? የአሜሪካ አቶሚክ ቦምብ በተሠራበት ላቦራቶሪ በሎስ አላሞስ ውስጥ መጀመሪያ የአፍንጫ ቀዳዳን በወረቀት ጠርገው ይቆጥሩ ነበር። ያ መተንፈሱን ይጠቁማል እንጂ ስንት እንደገባ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1945 ወደ ሽንት ዞሩ። ግን ሰውነት ከያዘው ፕሉቶኒየም በቀን በሽንት የሚወጣው ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጠብታ አይበቃም፣ የሙሉ ቀን ይፈለጋል። ከእጅ ወይም ከልብስ አንዲት ቅንጣት ናሙናው ውስጥ ከገባች ደግሞ ውጤቱ ገደል ገባ። ለዚህ ሲሉ ሠራተኛውን ከሥራ አርቀው፣ አሳጥበው፣ ንጹሕ ክፍል ያስገቡት ነበር።

ምን ይከብዳል አልኩና ሞከርኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ትደፋለህ፣ ሰዓት ትጽፋለህ፣ ከዚያ እስከ ነገ ጠዋቱ የመጀመሪያ ድረስ ያለውን ሁሉ ትይዛለህ። እስከ ምሳ ጎበዝ ነበርኩ። ከሰዓት ጓደኛዬ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሄደን ቡና እንጠጣ አለኝ፤ ጅማ ነውና አንድ ሲኒ ጠጥቶ መነሣት የለም፣ ሦስተኛው ላይ ሽንት ቤት ገብቼ ስወጣ ነው ጀሪካኑ ትዝ ያለኝ። ቤት ነው። ማታ ደግሞ አከራዬ በር ላይ አዩትና «ልጄ፣ ብርዙን ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

«ብርዝ አይደለም እትዬ፣ የትምህርት ነው።»

እስካሁን በጎሪጥ ያዩኛል።

ጠዋት ስለካው 1.1 ሊትር ሆነ። ቡና ቤት የቀረው ሩብ ሊትር ቢሆን እንኳ፣ ፕሉቶኒየም ቢኖርብኝ ኖሮ ውጤቱ አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣ ነበር። ላቦራቶሪዎች ክሬአቲኒን (ከጡንቻ የሚመጣና በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ) አብረው የሚያዩት ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው በቀን የሚያወጣው መጠን ብዙ ስለማይዋዥቅ፣ በጣም ካነሰ ናሙናው ጎድሏል ማለት ነው። አንድ ስላይድ ላይ «የሠራተኞች ቸልተኝነት» ብዬ ጽፌ ነበር። አጠፋሁት። እኔ አንድ ቀን መጨረስ ያቃተኝን እነሱ ለዓመታት ሲያደርጉት ነው የኖሩት።

ሌላው ያልጠበቅኩት የቀመሩ ነገር ነው። የሽንቱን ቁጥር ይዘህ ሰውነት ውስጥ ስንት እንዳለ ለማስላት ቀመር ያስፈልጋል፣ እኔም ገልብጬ ሰሌዳ ላይ ላሰፍረው ነበር። ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1947 ድረስ ፕሉቶኒየም በመርፌ የተሰጣቸው 18 ሰዎች ላይ ደረስኩ። አብዛኞቹ ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን ናቸው፤ ምን እንደተወጉ በቅጡ የነገራቸው የለም። ሽንታቸውና ዓይነ ምድራቸው ተሰበሰበ፣ ተለካ፣ ቀመር ሆነ። የብዙዎቹ ማንነት ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል አላጋነንኩም።

የሴሚናሩ ቀን ቀመሩን ከማሳየቴ በፊት 18ቱን አስቀደምኩ። ጥያቄው ሁሉ እነሱ ላይ ሆነ፤ አንዱ መምህር «ታዲያ ቁጥሩን መጠቀም አለብን ወይስ የለብንም?» ብለው ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። ክርክሩ ሳይቋጭ ሰዓቴ አለቀ። የጀሪካኑን ታሪክ ሳልናገር ወረድኩ።