የሚጥል በሽታና የፒፕ ነጥብ

እንግሊዝ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለአካል ጉዳት የሚከፈለውን የመንግሥት ድጎማ፣ ፒፕን (PIP)፣ ሲጠይቅ፣ ጉዳት የመድረሱ ዕድል ከግማሽ በላይ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ድጎማው የሚወሰንበትን ነጥብ ይከለከል ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2017 እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኘው የበላይ የይግባኝ ትሪቡናል ይህን ስሌት ቀየረው፤ የአደጋው ክብደትም ይታያል። የፈላ ድስት ላይ መውደቅ እኮ አንዴ ይበቃል!

ሲያበስል ጠባቂ የሚያስፈልገው 4 ነጥብ፣ ሲታጠብ 2 ነጥብ ያገኛል። ለፒፕ የዕለት ኑሮ ድጎማ ግን ቢያንስ 8 ይፈለጋል፤ ስለዚህ ቅጹ ላይ ስለ መድኃኒትም ሆነ ስለ ሌላው ያለውን ጥያቄ ሙሉ መልሱ። ብዙዎችን የሚጥላቸው ቅጹ ላይ «አንዳንዴ ይጥለኛል» ብሎ ማለፍ ነው። ሳይታሰብ እንደሚመጣ፣ የቱ ጣት እንደተቃጠለ ጻፉ። ከከለከሏችሁ በ1 ወር ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ጠይቁ፤ ትሪቡናል የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።