የሻርክ ማባረሪያ ኬሚካሎች፦ የአምስተኛ ወር የጥናት ማስታወሻ

ውድ የጥናት ባልደረቦቼ፣ ባለፈው ማስታወሻዬ ሻርክ ሽታን እንዴት እንደሚለይ ያነበብኩትን አካፍያችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሁለት ወራት ያሳለፍኩት ሻርክን ያባርራሉ ተብለው የተሞከሩ ኬሚካሎችን በማጥናትና ቤቴ ውስጥ አንድ ትንሽ ሙከራ በማድረግ ነው። በሙከራው የሠራሁትን ስሕተትም ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ ከንባቡ ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ እርሱ ነውና።

መነሻዬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተሠራው «ሻርክ ቼዘር» ነው። ኦ.ኤስ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት፣ መርከባቸው ሰምጦ ወይም አውሮፕላናቸው ወድቆ ባሕር ላይ ለሚንሳፈፉ ወታደሮች መከላከያ ፍለጋ ከ100 የሚበልጡ ንጥረ ነገሮችን ፈትኗል፤ ከእነዚህም መካከል መርዞች፣ የመዳብ ጨዎችና ከበሰበሰ የሻርክ ሥጋ የተገኘ ፈሳሽ ይገኙበታል። ኋላ በምግብ አዘገጃጀት ዝነኛ የሆነችው ጁሊያ ቻይልድም በዚህ ሥራ ተሳትፋለች። በመጨረሻ የተመረጠው ኮፐር አሲቴት የተባለው የመዳብ ጨው ሲሆን፣ ኒግሮሲን ከሚባል ጥቁር ማቅለሚያና በውሃ ከሚሟሟ ሰም ጋር ተለውሶ ይዘጋጅ ነበር። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በኋላ በተደረጉ ፍተሻዎች ለመብል የተነሣሡ ሻርኮችን ማስቆም ስላልቻለ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተወው። በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅሙ በውኃ ላይ ለቀረው ሰው ድፍረት መስጠቱ ነበር፤ ይህንንም አቃልዬ አላየውም።

ልቤን የሳበው ግን እኔ በምኖርበት በእስራኤሏ ኤላት፣ በዚሁ በቀይ ባሕር የተደረገው ሥራ ነው። «የሙሴ ዓሣ» የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ እዚህ አለ፤ ስሙን ያገኘው ሙሴ ባሕሩን በከፈለ ጊዜ ዓሣው መካከል ላይ ተገኝቶ ለሁለት ተሰነጠቀ ከሚለው አፈ ታሪክ ነው። ዩጂኒ ክላርክ የተባለችው የዓሣ ተመራማሪ ይህን ዓሣ ስትይዘው ከክንፎቹ ሥር ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጥቶ ጣቶቿን ነዘራት። በ1970ዎቹ ዓሣውን በገመድ አስራ ለሻርኮች ባቀረበችላቸው ጊዜ፣ ሊነክሱት አፋቸውን ከፍተው የመጡት ሻርኮች አፋቸውን መግጠም እንዳቃታቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሸሹ። የፈሳሹ ዋና መርዝ ፓርዳክሲን ተባለ፤ ከ33 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) የተገነባ ሲሆን የሚሠራውም የሕዋስን ሽፋን በመብሳት ነው።

በሕዋስ ሽፋን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሳሙና ከሚያደርሰው ጋር ስለሚመሳሰል፣ ኤሊያሁ ዝሎትኪንና ሳሙኤል ግሩበር የተባሉ ተመራማሪዎች ርካሽ የሆኑ ሠራሽ የማጠቢያ ኬሚካሎችን መፈተሽ ጀመሩ፤ ጎልቶ የወጣውም ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ነው። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለምሠራ ለእኔ ይህን ማንበብ ትልቅ ደስታ ነበር። ይህ ኬሚካል በብዙ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ አለ፤ ጥርሳችንን ቦርሸን ወዲያው የብርቱካን ጭማቂ ስንጠጣ የሚመረንም በእርሱ ምክንያት ነው። ሻርክ አፍ ውስጥ በቀጥታ ሲረጭ ያባርረዋል፤ በዋናተኛው ዙሪያ እንደ ደመና ሲበተን ግን አቅም ያጣል።

ለምን እንደሆነ በስሌት ለማየት ሞከርኩ። በአንድ ሰው ዙሪያ በየአቅጣጫው 3 ሜትር የሚደርስ ክብ ደመና ብናስብ፣ መጠኑ 113 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለእንዲህ ዓይነቱ መከላከያ ያስቀመጠው መለኪያ በአንድ ሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ብቻ ሆኖ እንዲሠራ ነው፤ በዚህ ሒሳብ 11 ግራም ገደማ ይበቃል። በአንድ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የሚያስፈልገው ኬሚካል ከሆነ ግን 11 ኪሎ ይጠይቃል፤ ይህን ታቅፎ የሚዋኝ ሰው የለም። በተጨማሪም በሰከንድ 2 ሜትር የሚዋኝ ሻርክ ያንን 3 ሜትር በ1 ሰከንድ ተኩል ስለሚያቋርጥ፣ ኬሚካሉ ሥራውን የሚጨርሰው በዚያች ቅጽበት ውስጥ መሆን አለበት።

ስሕተቴ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። 60 ሊትር በሚይዝ ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን የቧንቧ ውኃ ሞላሁና በመርፌ አልባ ስሪንጅ መካከሉ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ጥቁር ቀለም ለቀቅሁ። ቀለሙ ተድቦልቡሎ በዝግታ ሲሰፋ አይቼ፣ ክብ ደመና ብዬ ማስላቴ ልክ ነው ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ከባሕሩ ያመጣሁትን ውኃ ሞልቼ ያንኑ ስደግም ግን ቀለሙ እንደ ጭስ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶም ከላይ እንደ ቀጭን ጨርቅ ተዘርግቶ ቀረ። የኤላት ባሕር በአንድ ሊትር 40 ግራም ያህል ጨው ስላለው ከቀለሙ ይከብዳል። ሰው ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የሚጠብቀው ኬሚካል አንገቱ ዙሪያ ብቻ ቢቀር ምን ይጠቅመዋል? የዓሣ ማጠራቀሚያ ትንሽ ፓምፕ ጨምሬ ውኃውን ሳንቀሳቅስ ደግሞ ቀለሙ ከ10 ሰከንድ በፊት ተበጣጥሶ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ኔክሮሞን ስለሚባሉት፣ ከሞተ ሻርክ ሰውነት ስለሚወጡት ኬሚካሎች ያነበብኩትን በሌላ ዓይን አየሁት። ተመራማሪው ኤሪክ ስትራውድና ባልደረቦቹ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን ፈሳሽ በመብል ላይ በነበሩ ሻርኮች መካከል ሲለቁት ሻርኮቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መብላታቸውን አቁመዋል። ሕዋስን የሚጎዳ ኬሚካል በብዛት መድረስ አለበት፤ ለአፍንጫ የሚደርስ የአደጋ ምልክት ግን በጥቂቱም ይበቃል። የበሰበሰ ሥጋ የፈተኑት የጦርነቱ ዘመን ሰዎች ወደዚሁ መንገድ ተጠግተው እንደነበር አምናለሁ።

በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ምንም አልሞክርም። በሚቀጥለው ወር ቀለሙን ከባሕሩ ውኃ ጋር እኩል እስኪከብድ ድረስ በጨው አመዛዝኜ፣ ፓምፑን በሦስት የተለያየ ፍጥነት እያስኬድኩ፣ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ በየፍጥነቱ አምስት አምስት ጊዜ እለካለሁ። በካሜራ መቅረጽ የተሻለ የመለኪያ ዘዴ መሆኑን የምታውቁ ካላችሁ፣ የሣጥኑን ጀርባ ነጭ ማድረግ ይበቃ እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።