በጠበል የሚዋጥ መድኃኒት

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆሙ አንዲት እናት ለድባቴ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ጠበል እየጠጣሁ ይህን ብውጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር አይሆንብኝም?» ሲሉ ባለሙያዋን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት። እርሷም «የለም እማማ፣ እንዲያውም በጠበሉ ይዋጡት» አለቻቸው።

እናትየዋ መድኃኒቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ወዲያው ግን ፈቱትና ስሙ የተጻፈበትን ፊት ወደ ውስጥ አዙረው እንደገና ቋጠሩት። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚደብቁት አይመስለኝም።

እኔም ከዚሁ ሕመም ጋር እየኖርኩ የምጸልይ ሰው ስለሆንኩ፣ ያ አቋጣጠር ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም። ድባቴን የእምነት ጉድለት የሚያደርገው ንግግር አንዳንድ ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ ያደክማል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል፤ ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜም መልአኩ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት እንጂ አልገሠጸውም። መድኃኒቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በዚያ መካከል «ጸሎትዎ ቢበረታ ኖሮ» የሚላቸው ሰው እንዳይገጥማቸው እጸልያለሁ።