ወላጅ አምጣ

ዩኒሴፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ያወጣውን ግምት ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁት። በዓለም ላይ ካሉ ወንዶችና ወንድ ልጆች ከ240 እስከ 310 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ማለትም ከ11 አንዱ ገደማ፣ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተደፍረዋል ወይም ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የሴቶቹ ከ370 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከስምንት አንዷ። የዓለምን ቁጥር አምጥቶ ደሴ ባለ አንድ የመማሪያ ክፍል ላይ መለጠፍ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ሒሳቡ እንዲያ አይሠራም። ቢሆንም ከስምንት አንዷና ከ11 አንዱ ያን ያህል አይራራቁም፤ እኛ ለሁለቱ የምናደርገው ጥንቃቄ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሴቷን ከሱቅ እስክትመለስ በር ላይ ቆመን እንጠብቃታለን። ወንዱን "ወንድ ልጅ ምን ይሆናል?" ብለን እንተወዋለን።

የመኝታውን ነገር ብቻ እንኳ ልውሰድ። ከገጠር እንግዳ ሲመጣ ሴቷ ልጅ ወደ እናቷ አልጋ ትዛወራለች፤ ወንዱ ከእንግዳው ጋር ይተኛል። ማንም ተሰብስቦ የወሰነው አይደለም፤ ፍራሹ ሲነጠፍ፣ ብርድ ልብሱ ሲታደል በራሱ የሚሆን ነው። ደሴን በከበባት በጦሳ ተራራ ብርድ ደግሞ አንድ ጋቢ ለሁለት ቢሆን ማን ልብ ይላል። አብዛኛው እንግዳ ጨዋ ነው፤ እሱን ማማት ነውር ነው። ግን ልጁ "ከእሱ ጋር አልተኛም" ያለ ቀን ምን ይባላል? "እንግዳ ይጠላል እንዴ? ማን አስተማረህ ይህን?" ሴቷ ብትለው ኖሮ እናት ደንግጣ ትቀመጥ ነበር።

በትምህርት ቤታችን የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት። ፊታችን የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፦ ተደባደበ፣ ቀረ፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው፣ መምህር ተሳደበ። ቅጹ ላይ ጥፋት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ቅጣት የሚሞላበትም አለ። በሕፃናት ላይ ስለሚደርስ ጥቃት የተጠኑ ጽሑፎችን ሳገላብጥ ያገኘኋቸው ምልክቶች ታዲያ ከዚሁ ቅጽ የተቀዱ ይመስላሉ፦ ድንገተኛ ቁጣ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የውጤት ማሽቆልቆል፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥና ጫት መጀመር። የሚደባደብ ሁሉ ተጠቅቷል ማለት አይደለም። ረሀብ አለ፣ ጦርነቱ ትቶት ያለፈው ነገር አለ፣ ዕድሜም የራሱን ያመጣል። ግን የትኛው እንደሆነ ልጁን የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ የለም።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ "ወላጅ አምጣ" የምንለው ነገር ነው። ከኩታበር፣ ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ የሚመጡ ልጆች ደሴ ላይ ወይ ቤት ተከራይተው ወይ ዘመድ ቤት ተጠግተው ይማራሉ። እናትና አባት አገር ቤት ናቸው። ስለዚህ ልጁ ይዞ የሚመጣው ያስጠጋውን አጎቱን፣ የአጎቱን ልጅ ወይም አከራዩን ነው። ልጅን የሚያጠቃ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው መሆኑ በየጥናቱ ተደጋግሞ የተገኘ ነገር ነው። እንግዲህ ሊሆን የሚችለውን ሳስበው፣ ልጁ ሌሊት የሚፈራውን ሰው ጠዋት በገዛ እጁ እየመራ ቢሮ ያስገባዋል። እኛ ከመቀመጫችን ተነሥተን ወንበር እናቀርባለን። ሰውየው "አስቸግሮኛል፣ ምን ላድርገው" ይላል። "ግድ የለም፣ ተባብረን እናርመዋለን" እንለዋለን። ልጁ በሩ ሥር ቆሞ ይህን ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ለየትኛችን ይናገር?

ዝም የሚያሰኘው ሌላም አለ። በጥቃቱ ጊዜ ሰውነቱ ሳያዘው ምላሽ ሰጥቶ ከሆነ "ወድጄው ነው ማለት ነው" ብሎ ራሱን ይከሳል፤ ያ የሰውነት ሥራ እንጂ ፈቃድ እንዳልሆነ የነገረው የለም። "የተጠቃ ልጅ ሲያድግ አጥቂ ይሆናል" የሚለውንም ሰምቷል፤ አብዛኞቹ እንደማይሆኑ ግን አልሰማም። ሕጉም ለልጅ አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የደነገገው በሴት ላይ የሚፈጸም አድርጎ ነው። ወንድ ልጅን ያጠቃ ወንድ የሚጠየቀው በአንቀጽ 631 ነው፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም፤ ተጎጂው ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አጥቂዋ ሴት ከሆነች በ626ና በ627 ትጠየቃለች። (ይህን በመምህራን ማረፊያ ሳነሣ "ታድሎ!" ያለ ሰው አልጠፋም። መምህር ነው እንግዲህ።) አንቀጽ 631 ግን የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ከሚያደርገው ከ629 ጎን ነው የተቀመጠው። ይህን በወሬ የሰማ የ16 ዓመት ልጅ "ብናገር እኔም እታሰራለሁ፣ ስሜም ይጠፋል" ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም። አጥቂውም የሚያስፈራራው በዚሁ ነው።

ከተናገረ ደግሞ የመጀመሪያው ሰዓት የእኛ ነው። አለመጮኽ፣ "ለምን አልታገልክም?" አለማለት፣ ማመን፣ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው እንዲደጋግም አለማድረግ። ቅርብ ጊዜ የሆነ ከሆነ በቀጥታ ሆስፒታል፦ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት። እናቶቻችን ቀድሞ የሚመጣላቸው ልጁን አጥቦ ልብሱን መዘፍዘፍ ነው፤ ልብሱ ግን ሳይታጠብ ቢቀመጥ ማስረጃ ነው።

ባለፈው ስብሰባ "ወላጅ አምጣ" ከማለታችን በፊት ልጁን ለብቻው ሁለት ነገር እንጠይቀው አልኩ፦ "የምትኖረው ከማን ጋር ነው? ማን ቢመጣልህ ትመርጣለህ?" እናቴ ካለ፣ ሰኞ ገበያ ስትወጣ ጎራ ትበል፤ እስከዚያ ትምህርቱን ይማር። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የሒሳብ መምህር አልተዋጠላቸውም። "እንዲህ ካልን ሁሉም ሰበብ ያገኛል፤ የጎረቤት ጓደኛውን አጎቴ ነው ብሎ ያመጣልሃል" አሉኝ። "ጋሼ፣ እሱንማ አሁንም ያመጣሉ" አልኳቸው። ሳቁ። ከብዙ ክርክር በኋላ "የምትኖረው ከማን ጋር ነው" የሚለው ቅጹ ላይ እንዲገባ ተስማማን፤ ሁለተኛው ጥያቄ ውድቅ ሆነ። በሚቀጥለው ስብሰባ መልሼ አነሣዋለሁ።