የበሬው አንቀጽ

ሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ካፌ ሽሮ ሳዝ እንኳ ውል ምን ምን ያስፈልገዋል የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 ትዝ ይለኛል፤ ችሎታ አለኝ፣ ፈቃድም ሰጥቻለሁ፣ ሽሮው ግን የለም።

መስከረም ላይ ደጀን ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። የጎረቤታችን በሬ የእማዬ ጤፍ ውስጥ ገብቶ ስላደረ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ተነሳሁ።

«የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው ድንገት ቢያመልጠውም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2071!»

አንዱ አባት ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። «ልጄ፣ ቁጥሩን ለፈተናህ አስቀምጠው። ስንት ቁና በላ?»

2072 ላይ ሳልደርስ በሁለት ቁና ታረቁ። (ሦስት ዓመት ለቁጥር!) የበሬው ባለቤት ጠላ ቀድቶ «ከእንግዲህ ጠበቃዬ አንተ ነህ» አለኝ። የጥቅም ግጭት እንዳለብኝ ልነግረው ነበር፤ ጠላው ጣፈጠኝ።