«የባሪያዎች መዝገብ የለንም»

ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ የእናቷ ወገኖች ከሳውዝ ካሮላይና ናቸው። ሴት ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት በእኔ በኩል ያሉትን አያቶቿን እየጠራሁ እስከ ሰባት ቤት ስቆጥርላት በጸጥታ ሰማችኝና «በእማዬ በኩልስ?» አለችኝ። አማቴ ከአያቷ በላይ መቁጠር አልቻለችም። ፍለጋውን የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ከአራቱ ውስጥ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያባከንኩት አንድ ጥያቄ አሳስቼ ስለጠየቅሁ ነው። አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ጊዜ አይጠፋም ነበር።

እስከ 1870 ድረስ ያለው መንገድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። የሳውዝ ካሮላይና የሞት ምስክር ወረቀቶች ከ1915 ጀምሮ የሟቹን እናትና አባት ይጠቅሳሉ። የ1900 የሕዝብ ቆጠራ የትውልድ ወርና ዓመት ይሰጣል፤ እናቲቱ ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለም ይናገራል። የ1890ው ቆጠራ ከ1921 የእሳት አደጋ በኋላ ከጥቂቱ በቀር ስለጠፋ የሃያ ዓመት ክፍተት ይገጥማችኋል። በ1870 ቆጠራ ዝምድና አልተጻፈም፤ እኔ የአማቴን ወገኖች ባገኘሁበት ገጽ ላይ የቤቱ እመቤት አድርጌ የወሰድኳት ሴት በ1880ው ላይ የአባወራው እህት ሆና ተገኝታለች።

ከ1870 በፊት ግን ግድግዳ አለ። ነጻ የወጡት ሰዎች በቆጠራ ላይ ሁሉም በየስማቸው የተመዘገቡት በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የባሪያ ቆጠራዎች ላይ የሚገኘው የጌታው ስም ነው፤ ከሥሩ በስም ፈንታ የተደረደሩት በዋናነት ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ናቸው። ስለዚህ ከግድግዳው ማዶ ለመሻገር ጌታ ነኝ ባዩ ማን እንደነበር ማወቅ ግድ ይላል።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሰማው ምክር «ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ያለውን ነጭ ባለርስት በአካባቢው ፈልጉ» የሚል ነው። እኔም ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ስም የሥጋ አባት በሆነበት አገር ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ስም ሰውን ከአንድ ቤት ጋር ያስራል የሚለው እምነት ሳይታወቀኝ አብሮኝ ሄደ። በዚያ ስም የሚጠራ ባለርስት አገኘሁ፤ ለወራትም ተከተልኩት፤ ከቤተሰቡ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ነጻ ከወጡት ብዙዎቹ የመጨረሻውን ጌታ ስም አልያዙም፤ የቀድሞውን ጌታ ስም የያዙ አሉ፣ ራሳቸው የመረጡትን የያዙም አሉ። ስለዚህ ያንን ምክር መጨረሻ ላይ ብቻ ተጠቀሙበት እላለሁ። ከዚያ በፊት የአያትን ወንድሞችና እህቶች አንድ በአንድ አሳድዱ።

እኔን ያሻገረኝም ወንድም ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ በ1865 ነጻ ለወጡት ሰዎች ተቋቁሞ በ1874 የተዘጋው የፍሪድማንስ ባንክ፣ ሂሳብ የሚከፍቱትን ሰዎች ስለ ቤተሰባቸው ይጠይቅ ነበር። የአባወራው ወንድም ወደ ቻርልስተን ሄዶ ኖሮ፣ በካርዱ ላይ የእናቱን ስም፣ የወንድሞቹንና የእህቶቹን ስም፣ የጌታውን ስም አስመዝግቧል። ከእናቱ ስም አጠገብ «ወደ አላባማ ተወሰደች» የሚል ተጽፏል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሳምንቱ ፈቃድ ወስጄ፣ ስሙን ወደማልጠቅሰው የካውንቲ መዝገብ ቤት አራት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ ላለችው ሠራተኛ «ከ1865 በፊት ስለነበሩ ባሪያዎች መዝገብ እፈልጋለሁ» አልኳት። ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «የባሪያዎች መዝገብ የለንም» አለችኝ። «ምንም?» ብዬ ደገምኩ። «እንደዚያ የሚባል መዝገብ የለም» አለች። አመስግኜ ወጣሁ። ማመስገኔ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

የተናገረችው ሐሰት አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች በሕጉ ዓይን ንብረት ስለነበሩ የራሳቸው መዝገብ የላቸውም፤ ስማቸው ያለው በጌታው የውርስ ፋይል ውስጥ፣ በሞተ ጊዜ በተደረገው የንብረት ቆጠራ፣ ለወራሾች በተደረገው ክፍፍልና በሽያጭ ውሎች ላይ ነው። በየቀኑ እነዚያን ፋይሎች የምታወጣና የምታስገባ ሠራተኛ «የጌታው ስም ማን ነው?» ብላ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር። አልጠየቀችኝም። እኔም የጌታውን ስም በኪሴ ይዤ ሳለሁ አልተናገርኩም።

ለአሥራ አራት ወር መዝገቡ ጠፍቷል ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአማቴ አክስት በ94 ዓመታቸው አረፉ። ገና ስጀምር ቤታቸው ሄጄ ነበር። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ እየፈለፈሉ «ይህ ስማችን አይደለም፤ የድሮ ሰዎች ሌላ ይሉት ነበር» ብለው አንድ ስም ነገሩኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልቀዳሁትም፤ አልጻፍኩትምም። ሰነድ ይዤ ተመልሼ አረጋግጣለሁ ብዬ ነው። «በሰነድ ያልተረጋገጠ የቃል ወሬ አትመዝግቡ» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሽማግሌው የሚለውን ሁሉ፣ ስህተት የሚመስለውንም ጭምር፣ በዚያው ቀን በድምፅ ቅዱ። ሰነዱ አይሞትም።

ያዳነኝ ኮሎምቢያ የሚገኘው የሳውዝ ካሮላይና የመዛግብት ማዕከል ነው። የየካውንቲው የድሮ ውርስ ፋይሎች እዚያ በማይክሮፊልም ይገኛሉ። በዚህ ጊዜ ባሪያ የሚለውን ቃል አላነሳሁም፤ የሟቹን ባለርስት ስም ሰጥቼ የውርስ ፋይሉን ብቻ ጠየቅሁ። በ1857 የተጻፈው ዝርዝር መስታወቱ ላይ ወጣ። ከላይ ሁለት በቅሎዎች፣ አንድ የጥጥ መዳመጫ፣ አንድ የብረት ድስት። ቀጥሎ፣ በዚያው ቀለምና በዚያው ዓምድ ውስጥ፣ የአባወራው ስም፦ 900 ዶላር። የወንድሙ ስም። የእናታቸው ስም፦ 300 ዶላር። በባንኩ ካርድ ላይ እንዳለው ስማቸው ሁሉ ገጠመ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ባለው ክፍፍል ወንዶቹ ለአንደኛው ወንድ ልጅ፣ እናቲቱ ለባለትዳሯ ሴት ልጅ ደርሰዋል። የሟቹ እናት የቤተሰብ ስምም እዚያው ነበረ፤ ሳየው አክስት በረንዳው ላይ ያሉት ስም መሰለኝ፤ እሳቸው ግን የሉምና ማረጋገጥ አልቻልኩም።

የዘረመል ምርመራውንም አድርገናል። ከየትኛው የአፍሪካ ክፍል ስንት በመቶ የሚለው ለልጄ ደስታ ሰጥቷታል፤ ለፍለጋው የጠቀሙን ግን በምርመራው የተገኙት የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዲት ሴት የምትኖረው አላባማ ነው።

አማቴ የዝርዝሩን ቅጂ ስሰጣት ዋጋውን በጣቷ ሸፍና ስሙን ብቻ ደጋግማ አነበበች። አሁን እኔና ልጄ ባለትዳሯ የባለርስት ልጅ የሄደችበትን የአላባማ ካውንቲ የ1870 ቆጠራ ገጽ በገጽ እያነበብን ነው። እናቲቱ በሕይወት ካለች ዕድሜዋ ከስልሳ በላይ ይሆናል። ልጄ በዚያ ዕድሜ ያሉትን ሴቶች በሙሉ በደብተሯ ትጽፋለች፤ እስከ ትናንት ማታ አርባ አንድ ደርሰዋል።