የተዘረጋ ክንድ ሚዛን፦ በወተት ላሞች በረት ውስጥ ቴሌሃንድለርን ሳሽከረክርና ሳሻሽል የተማርኩት

የምሠራው በእስራኤል ደቡባዊ ክፍል፣ በሰሜናዊ ኔጌቭ በሚገኝ የአንድ ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር) የወተት ላሞች በረት ውስጥ ነው። የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የማሳልፈው ቴሌሃንድለር በሚባለው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ እንደ ትራክተር በእርሻ መሬት ላይ ይሄዳል፣ እንደ ፎርክሊፍት ሸክም ያነሣል፤ ከሁለቱም የሚለየው ግን አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባና እየወጣ የሚረዝምና የሚያጥር ክንድ ያለው መሆኑ ነው። የእንግሊዙ ጄሲቢ ሎዶል የተባለውን ሞዴሉን እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ በተለይ በአውሮፓ፣ ቀድሞ ትራክተርና የፊት አካፋ ይሠሩት የነበረውን የበረት ሥራ ይህ ማሽን ቀስ በቀስ ወርሶታል። እኔ የማሽከረክረው 7 ሜትር ከፍታ የሚደርስና ቢበዛ 3.1 ቶን የሚያነሣ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከንጋት በፊት ነው። በሚያዝያ ወር ገና ሳይደርቅ ታጭዶ በጉድጓድ የታመቀውን የስንዴ ሳይሌጅ እየቆረጥኩ መኖ ማደባለቂያው ውስጥ እጨምራለሁ፤ ድርቆሽና ጥራጥሬ አስከትላለሁ፤ ከዚያ ላሞቹ የተበተነላቸውን መኖ ወደ አፋቸው እገፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፍግ አወጣለሁ ወይም የገለባ እስር እደረድራለሁ። ስለዚህ አንዱ ማሽን በቀን አራትና አምስት ጊዜ መሣሪያ ይቀይራል፤ ከሹካ ወደ ባኬት፣ ከባኬት ወደ እስር መንከሻ። ማሻሻል የጀመርኩትም ይህን መቀያየር ለማፍጠን ስል ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን የሚዛኑን ነገር ማስረዳት ይገባኛል፤ ይህን ሳልረዳ ማሻሻል መጀመሬ ሕይወቴን ሊያስከፍለኝ ነበርና። ውኃ የሞላ እንስራ በጀርባ ሲታዘል አንዲት ልጅ ከምንጭ እስከ ቤት ይዛው ትሄዳለች፤ ያንኑ እንስራ ክንዱን ዘርግቶ የሚይዝ ጎልማሳ ግን አይገኝም። የቴሌሃንድለር ክንድም እንዲሁ ነው። በመለያ ሳህኑ ላይ የተጻፈው 3.1 ቶን የሚሠራው ክንዱ ተሰብስቦ ሸክሙ ለፊት ጎማዎች ሲቀርብ ብቻ ሲሆን፣ ክንዱ ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ያው ማሽን የሚፈቀድለት 1250 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ማሽኑ ውስጥ የተለጠፈው የጭነት ሠንጠረዥ ይህንን በየርቀቱ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ የተሠራው የሸክሙ መካከል ከሹካው ጀርባ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ተብሎ ታስቦ መሆኑን እኔ አላስተዋልኩም ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ የገለባ መሰብሰቢያ ወቅት ሲደርስ፣ ምልልሱን በግማሽ ለመቀነስ በማሰብ ሁለት ትላልቅ እስሮችን በአንድ ጊዜ የሚወጋ ረጅም መሸከሚያ ከአንድ በያጅ ጋር ሆነን ሠራን። እስሮቹ ወደ ፊት ተከታትለው፣ አንዱ ከሌላው ፊት እንዲቀመጡ ነበር ያቀድነው። አንዱ እስር ወደ 450 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ መሸከሚያው ራሱ 280 ኪሎ ግራም ነበር፤ በድምሩ 1180 ኪሎ ግራም። ክንዱ ከፊት አክስል 3 ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ሠንጠረዡ 1500 ኪሎ ግራም ስለሚፈቅድ፣ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ትርፍ አለኝ ብዬ ደመደምኩ። ያልቆጠርኩት ነገር መሸከሚያው የሸክሙን መካከል በ90 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋቱን ነው። ማሽኑን ወደ ፊት የሚደፋው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ በርቀቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የተፈቀደው 1500 በ3 ሲባዛ 4500 ነው፤ የእኔ ሸክም ግን 1180 በ3.9 ሲባዛ 4602 ይሆናል። ማለትም ሚዛኑ ላይ ትርፍ የሚመስለኝ ሁሉ አልቆ ከገደቡ አልፌ ነበር።

የሆነውም እንዲህ ነው። ሲመሽ፣ የመጨረሻውን ዙር ሦስተኛው ድርድር ላይ ላስቀምጥ ክንዱን አንሥቼ ሳለሁ ቦታው እንዳልገጠመልኝ አየሁና ክንዱን ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ። የጭነት ጠቋሚው ቀይ አብርቶ ጮኸ፤ ማገጃውም እንቅስቃሴውን አቆመው። ክብደቱ ከሠንጠረዡ በታች ስለሆነ የተበላሸው ጠቋሚው ነው ብዬ በማመን፣ ማገጃውን ለጊዜው የሚያልፈውን ቁልፍ ተጭኜ ዝቅ ማድረጌን ቀጠልኩ። ከፍ ብሎ የነበረ ክንድ ዝቅ ሲል ግን ጫፉ እንደ ቅስት ወደ ፊት ይወጣል፤ ስለዚህ ሸክሙ ከማሽኑ እየራቀ ሄደ። የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ሲለቁ በመቀመጫዬ ተሰማኝ። ያዳነኝ ከእኛው ከኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሆኑ፣ በዚያ በረት ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት የሠሩ አንድ ትልቅ ሰው በር ላይ ቆመው ስለነበር ነው። «ልጄ፣ ሰብስበው! አታውርደው፣ ሰብስበው!» ብለው ጮኹ። ክንዱን ወደ ውስጥ ስስበው የኋላ ጎማዎቹ ተመልሰው መሬት ያዙ። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር የምናገረው አልነበረኝም።

ማሽን ወደ ፊት ሊደፋ ሲል የሰው ደመ ነፍስ ሸክሙን ቶሎ መሬት ማስነካት ነው፤ ትክክለኛው ግን በመጀመሪያ መሰብሰብ፣ ከዚያ ማውረድ ነው። ዛሬ አዲስ ሰው ሳሠለጥን ከሁሉ አስቀድሜ የማስለምደው ይህንን ነው፤ ማገጃውን ማለፊያ ቁልፍ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም።

በማግሥቱ መሸከሚያውን ቆርጠን ጣልነው። ስንቆርጠው ሌላ ጥፋት አገኘን፤ የብረት እሾሆቹን በቀጥታ በይደናቸው ነበር። እነዚህ እሾሆች በእሳት የጠነከሩ ስለሆኑ የብየዳ ሙቀት በመገጣጠሚያቸው አጠገብ ያለውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል፤ በአንደኛው ላይ ስንጥቅ መታየት ጀምሮ ነበር። አሁን የምጠቀመው በፋብሪካ የተሠራ፣ እሾሆቹ በዳዶ የሚታሰሩበትንና ሁለቱን እስሮች አንዱን በአንዱ ላይ የሚይዘውን ነው። የሸክሙ መካከል ለማሽኑ ቅርብ ይሆናል፤ ሲገዛም ፈቃድ ያለው መርማሪ አይቶት ክብደቱ በማሽኑ መዝገብ ላይ ገብቷል። ከዚህ በኋላ በክንዱና በቻሲው ላይ ምንም ነገር አልበየድኩም፣ የካቢኑን ምሰሶም አልበሳሁም፤ ካቢኑ ማሽኑ ቢገለበጥ ሰውን እንዲያድን ተሰልቶ የተሠራ ነውና። በመሣሪያ ላይ ብየዳ ሲያስፈልግ መሣሪያውን ከማሽኑ ነቅለን መሬት ላይ እንበይደዋለን፤ ተሰክቶ እያለ መበየድ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

እስሮቹን ደርቤ ስይዝ ግን የፊት እይታዬ ተዘጋ። ካቢኑ በግራ በኩል ስለሆነ ክንዱ የቀኙን ጎን ቀድሞውንም ይጋርደዋል፤ በበረት ውስጥ ደግሞ ጥጆችም ሰዎችም ይሄዳሉ። ስለዚህ ቀጣዩ ማሻሻያዬ ለማየት ሆነ፤ ሰፋ ያለ ስፖኪዮ በቀኝ በኩል፣ ካሜራ ደግሞ በኋላና በቀኝ ጎን አስገጠምኩ፣ ረጅሙን መንገድ ሸክም ይዤ ወደ ኋላ መንዳትንም ልማድ አደረግሁ። ለሌሊት ሥራ እያንዳንዳቸው 40 ዋት የሆኑ አራት ኤልኢዲ መብራቶች ጨመርኩ። 160 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 13 አምፔር ያህል ስለሚመጣ፣ ከባትሪው በ20 አምፔር ፊውዝና በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) በኩል፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ገመድ ወሰድኩት። መጀመሪያ የገዛኋቸው ርካሽ መብራቶች ሲበሩ የካሜራው ምስል ይረበሽ ነበር፤ የተሻሉትን ስገዛ ረብሻው ጠፋ። ገንዘቤን በምን ላይ ላውለው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከኃይል በፊት በእይታ ላይ አውለው እላለሁ።

ከሃይድሮሊኩ ያገኘሁት ትምህርት ከአገሩ ፀሐይ ጋር የተያያዘ ነው። ለእስር መንከሻው የሚያገለግለውን የዘይት መስመር በጠፍጣፋ ማገናኛ ቀየርኩት፤ አሸዋና ገለባ የሚሰበሰብበት ጉድጓድ ስለሌለው በጨርቅ አንድ ጊዜ መጥረግ ይበቃዋል። ነገር ግን ጠዋት የነቀልኩትን መንከሻ ቀትር ላይ መልሼ ልሰካው ስል እምቢ ይለኝ ነበር። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ መሣሪያ በውስጡ የታሰረው ዘይት ሲሞቅ ስለሚስፋፋና መውጫ ስለሌለው፣ ግፊቱ ማገናኛውን ይቆልፈዋል። በመዶሻ መምታት ቫልቩን ያበላሸዋል፤ ማገናኛውን ማላላትም በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዘይት ያስከትላል፤ ይህ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፣ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያህልም በቶሎ ሆስፒታል የሚያስኬድ ጉዳት ነው። መፍትሔው ሲነቀል ነው፤ ሞተሩን አጥፍቼ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ ግፊቱን እለቃለሁ፣ ከዚያ እነቅላለሁ፣ መሣሪያዎቹንም ጥላ ሥር አስቀምጣለሁ። የሚያፈስ ቱቦ ስፈልግም እጄን ሳይሆን ቁራጭ ካርቶን እጠቀማለሁ።

ሁሉም ማሻሻያ አልተሳካልኝም። በግንቦት፣ ሻራቭ የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ የገለባ ብናኝ ራዲያተሩን ስለሚደፍነው፣ በፊቱ ቀጭን ወንፊት አሰርኩበት። ወንፊቱ ከራዲያተሩ ጋር እኩል ስፋት ስለነበረው ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ ተደፍኖ አየሩን ከለከለ፤ ሞተሩም ከቀድሞው ይበልጥ ጋለ። አውጥቼ ጣልኩት። አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ሞተሩን አጥፍቼ በአየር ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ እነፋዋለሁ፤ በማርሚታው ዙሪያ የተከማቸውን ብናኝም እጠርጋለሁ፣ እሳት የሚነሣው ከዚያ ነውና።

የክንዱን መንሸራተቻ ንጣፎች በተመለከተም፣ በአሮጌው ላይ አዲስ ግራሶ መቀባት ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። አሸዋ የያዘ አሮጌ ግራሶ ግን ንጣፉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በየሳምንቱ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቼ አሮጌውን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ስስ አድርጌ እቀባለሁ፤ በክንዱ መገጣጠሚያ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋም ለመካኒኩ እነግረዋለሁ።

አሁን በካቢኑ ውስጥ ከጭነት ሠንጠረዡ አጠገብ የእያንዳንዱን መሣሪያ ክብደትና የሸክሙ መካከል ከመያዣው ምን ያህል እንደሚርቅ በነጭ ቀለም ጽፌአለሁ፤ በዕብራይስጥ እና፣ ከእኛ ማኅበረሰብ የሚመጡ ትልልቅ ሠራተኞች እንዲያነቡት፣ በአማርኛ። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በመኖ ሚዛኑ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ቁጥሩ ሳይጻፍ ማንም አይሰካውም።